በወንድሜ ስም ላይ

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። በዕድሜ ብዙ አይበልጠኝም፤ ግን አባታችን ከሞተ በኋላ የቤቱ አባወራ እሱ ስለሆነ እናታችን እንኳ አንዳንዴ ስትጠራው «ጋሼ» ትለው ነበር። እሱም እንደ አባወራ ይኮሳተርና ወዲያው ሳቁ ያመልጠዋል።

አባታችን ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ነገሌ የመጣ፣ እዚያው አግብቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሥራውን አጣ። ብዙም ሳይቆይ ታመመና ሞተ። ጡረታው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ቤታችን ውስጥ የሚሸጥ ነገር አለቀ። ጋሼ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። አንድ ጠዋት ዩኒፎርሙን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተና ወደ ገበያ ወጣ። እናቴ ብቻውን እንዳይሄድ ብላ እኔን ታናሽ እህቱን አስከተለችው።

የሄድነው ጨርቅ በጅምላ ወደሚሸጡ አንድ ትልቅ ነጋዴ ነው። ከተማው ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው። አማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ ከሶማሌ ደንበኛ ጋር ደግሞ በሶማልኛ የሚከራከሩ ሰው ነበሩ። ጋሼ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠ፤ እሳቸውም «ናጋ» ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ «ኢልማ ኤኙቲ?» አሉት፤ የማን ልጅ ነህ ማለታቸው ነው። ነገራቸው። አባታችንን ያውቁት ነበር መሰለኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የት ሰፈር እንደምንኖር፣ ጎረቤቶቻችን እነማን እንደሆኑ፣ እናታችን ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቁት። ስለ ጎረቤቶቻችን ሲጠይቁ የእያንዳንዱን ስም እየደገሙ ነበር፤ በኋላ ሄደው እንደጠየቋቸውም ሰምተናል። ጋሼን በሦስተኛው ቀን አስጠሩትና ሽርጥና አቡጀዲ አሸከሙት።

«ሸጠህ ትመጣለህ» አሉት። «ሳትሸጥም ትመጣለህ። መጥፋት ብቻ ነው የሚያጣላን።»

ጋሼ ከዚያ በኋላ ለዓመታት የገበያ ሰው ሆነ። በጭነት መኪና አናት ላይ ተቀምጦ ተልተሌ ይወርዳል፤ ከብቱን የሸጠ ሰው ሽርጥ ይገዛዋል። ለቦሬ ብርድ ልብስ ይጭናል፤ ቦሬ ደጋ ነው፣ ብርዱ ለነጋዴ ጥሩ ነው ይል ነበር። ወደ ዶሎ ኦዶ ደግሞ ስስ የሴት ልብስ ይወስዳል። ሲመለስ ፊቱ በቀይ አፈር ተለብጦ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ቤት ከመግባቱ በፊት ሐጂ ዘንድ ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ጋሼ ጨርቁን የጫነበትን መኪና ደራሽ ውኃ ከነዕቃው ወሰደው። ሰዎቹ ዛፍ ላይ ወጥተው ተረፉ፤ ከጨርቁ አንድም አልተረፈ። ጋሼ ነገሌ ሲገባ ቤት እንኳ ሳይመጣ እንዳለ በጭቃው ሐጂ ሱቅ ሄዶ ተቀመጠ። እሳቸው ሻይ በወተት አስመጡለት። ሲጠጣ ቆዩና መኪናው ውስጥ ከነበሩት የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቁት። የለም አላቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያው ነግደህ ትከፍለኛለህ» ብለው ሌላ ዕቃ ሰጡት።

በዚያ ንግድ እኔ ተማርኩ፤ መምህር ሆኜ ነገሌ ተመደብኩ። እሱም ሱቅ ከፈተ፣ አገባ፣ ሴት ልጅ ወለደ። የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ አድርጎ መረጠው፤ እዚያ ወንበር ላይ ዓመታት ሲቀመጥ ስሙ በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ሐጂ በዕድሜ ገፍተው አረፉ። ተምሮ የመጣው ልጃቸው ሱቁን ያዘው። ኮምፒዩተር አስገባ፣ የጅምላውን ሥራ አሰፋው፤ ለጋሼም እንደ አባቱ ዕቃ በዱቤ መስጠቱን ቀጠለ።

ከዚያ የስልክ ብድር መጣ። መጀመሪያ ማንም አላመነም። ስልክህን ነካክተህ፣ ማንንም ሳታይ፣ ዋስ ሳትጠራ ገንዘብ ይገባልሃል ሲሉን እንስቅ ነበር። ግን ገባ። ከገጠር ወተት እያመጣች የምትሸጥልን አንዲት የቦረና ሴት ነበረች። ሐጂም ሆኑ ሌላ ነጋዴ ዱቤ ሰጥተዋት አያውቁም፤ የማን ሚስት እንደሆነች የሚያውቅ የከተማ ሰው አልነበረም። ስልኩ አበደራት። መለሰች፤ ጨምሮ አበደራት። አሁን ወተት ተቀብላ የምታከፋፍልበት የቆርቆሮ ቤት አላት። ስለዚህ ነገር ክፉ ብቻ መናገር የማልችለው በእሷ ምክንያት ነው።

ጋሼም ትንሽ ትንሽ እየወሰደ ይመልስ ነበር። የሚፈቀድለት መጠን ከፍ ባለ ቁጥር «ነጥቤ ጨመረ» እያለ እንደ ተማሪ ያሳየኝ ነበር። ነጥቡ ከምን እንደሚሰላ ግን አንዳችንም አናውቅም። አንድ የባንክ ሠራተኛ ጠይቄው ሲስተሙ ነው የሚያሰላው ከማለት በቀር የሚነግረኝ አልነበረውም።

እሳቱ የተነሳው ድርቁ በበረታበት ዓመት በጠራራ ፀሐይ ነው። የጋሼ ሱቅ ካለበት መደዳ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጠለና ነፋሱ መደዳውን ጠረገው። ሰው አልሞተም። ጨርቅ ግን ለእሳት አመቺ ነው፤ ውኃ ይዘን እስክንደርስ ሱቁ ውስጥ የቀረው ግድግዳ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎች መጡ፣ እድሩ አዋጣ፣ ዘመድ አዋጣ። ጋሼ አዝኖ ነበር እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። ቤቱን አስይዞ ከባንክ እንደሚበደር፣ በዓመት ውስጥ ራሱን እንደሚያቆም ነገረን። ቆጥቦ የኖረውም እዚያው ባንክ ነበር።

መልሱን ለመስማት የሄድን ቀን አብሬው ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠን። ከዚያ ብድሩ እንዳልተፈቀደ ነገረን። ምክንያቱን ሲጠየቅ በስሙ ላይ ሳይመለስ የቀረ ብድር እንዳለ ተናገረ።

ጋሼ የሰማው አልመሰለኝም። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ «ከማን ነው የተበደርኩት?» አለው።

«መረጃው የሚመጣልን የባንኮችን ሁሉ የብድር መዝገብ ከሚይዘው ማዕከል ነው። እኛ ለውሳኔ ያህል እናየዋለን፤ ለደንበኛ ማሳየት ግን አልተፈቀደልንም።»

«የት ከተማ እንደሆነስ?»

«እርስዎ ሳያውቁት አይቀርም፤ እስቲ በደንብ ያስቡት።»

«የእኔ ነው ተብሎ የተቀመጠውን እኔ ካላየሁት፣ አይደለም የሚለው ማን ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጠረጴዛው አቀረቀረ። ክፉ ሰው አልነበረም። ቅሬታ ካለ ብድሩን ካስመዘገበው ተቋም ጋር መነጋገር እንደሚቻል ነገረን። ተቋሙ ማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ኮምፒዩተሩ ፊቱ ነበር፤ ጀርባው ወደኛ ነበር። ጋሼ ወጥቶ ደጅ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ በሩን አየው፤ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አልተመለሰም።

በዚያው ሰሞን ስልኩም ከለከለው። ለጊዜው ለዚህ አገልግሎት ብቁ አይደሉም ይላል መልእክቱ። ብቁ የሚያደርገው ምን እንደሆነ አይልም። የሐጂ ልጅም ወሬው ደርሶት ነበር። ጋሼ ዕቃ ሊጠይቀው ሲሄድ ጭነቱ ገና አልገባም አለው፤ የጨርቁ ቦንዳ ግን ከጀርባው እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ነበር። ጋሼ ይህን የነገረኝ በምሬት አልነበረም፤ እንዳፈረ ሰው ነበር። «ዓይኔን ላለማየት ሲጥር አሳዘነኝ» አለኝ።

የእኛ ከተማ ትንሽ ናት። ባንክ የተከለከለ ሰው ለምን እንደተከለከለ ካልታወቀ ሰው ራሱ ምክንያት ይፈልግለታል። ተደብቆ ተበድሯል ተባለ። ቁማር ነው ተባለ። ዶሎ ኦዶ ሌላ ቤት አለው፣ ልጆችም አሉት ተባለ። ሱቁን ያቃጠለው ራሱ ነው ያሉም ነበሩ። በፊት ነጋዴ ሲከለክልህ ሰውየው ፊት ቆመህ ምን አጠፋሁ ትለዋለህ፤ ካልተስማማችሁ ሽማግሌ መሐል ይገባል። አሁን ጋሼ የሚከራከረው ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹም ማንን እንደሚጠሩ ግራ ገባቸው።

ከሁሉ የከፋበት የሚስቱ ጥያቄ ነው። መልካም ሴት ናት፤ ከእሳቱ በኋላ ወርቋን ሸጣ ሰጥታዋለች። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች፣ ሳታየው፣ እውነት ሌላ ቤት እንዳለው ጠየቀችው። የለኝም አላት፤ አምናዋለች፤ ዳግመኛም አላነሳችውም። ጋሼ ግን ያን ዕለት እኔ ጋ መጣ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ጠየቀችኝ እኮ» ብቻ አለኝ።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነስቶ የገንዘብ ያዥነቱን እንዲረከቡት ለመነ። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ፤ አንዱማ ተቆጡት። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሰው እንዲህ መወራት የለበትም» አለ። «እናንተ ብታምኑኝም እኔ ቁልፉን ስይዝ እጄ ይከብደኛል።»

መዝገቡን ወደሚይዘው ማዕከል አዲስ አበባ ሄደ። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲሉት ቆይቶ፣ መጀመሪያ ከቅርንጫፉ አስጽፈህ ና ብለው መለሱት። ቅርንጫፉ ደግሞ እኛ የምንጽፈው የለም አለው። እንደገና ሊሄድ የሚሳፈርበት ገንዘብ አልቀረውም። ከዚያ አንድ የቀድሞ ደንበኛው ዶሎ ኦዶ ላይ ለስደተኞች እህል በሚከማችበት መጋዘን ሥራ አገኘለት፤ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወረደ። ሌላ ቤት አለው ሲሉ የነበሩ ሰዎች «ይኸው፣ ዶሎ ሄደ» አሉ።

አንድ የክረምት ዕረፍት ሄጄ ጎበኘኋቸው። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋሼ ከስቶ፣ ሽበቱ ወጥቶ፣ የመጋዘን ሠራተኛ ሰደርያ ለብሶ ከበሩ ጥግ ካለው ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። የማሽላ ጆንያ የሚጭኑት ልጆች ከሩቅ «አካም አባ መጋዘን!» እያሉ ሰላምታ ሰጥተውት ያልፋሉ። ደህና መሆኑን ጠየቅኩት። ደህና መሆኑን ነገረኝ።

«እዚህ ጥሩ ነው» አለኝ። «ማንም ስሜን አይጠራውም።»

እኔ ነገሌ ተመልሼም ነገሩን አልተውኩትም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ተቀይሮ አንዲት ሴት መጥታለች ሲባል ሄድኩና ሳትጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የአያታችንን ስም ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ኮምፒዩተሩን ከፍታ ረጅም ጊዜ አየች፤ ከዚያ የነገርኳትን ስም ደግማ ጠራችልኝ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የአያቴን ስም ላጣው?»

ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አላዞረችውም፤ እሷም አልተፈቀደላትም። የወንድሜን መታወቂያ እንዳመጣላት ብቻ ነገረችኝ። በኋላ የተረዳሁት ይህን ነው፤ አንድ ሌላ ሰው አለ፣ የራሱም የአባቱም ስም ከወንድሜ ጋር አንድ የሆነ፣ በአያት የሚለይ። ጋሼ ረግጦት በማያውቅ ከተማ የተበደረ ነው። ያበደረው ተቋም መረጃውን ሲልክ አያቱን አላስገባም፤ ሴትዮዋም የጠየቀችኝ ቦታው ባዶ መሆኑን አይታ ነው። ሁለቱ ሰዎች ማዕከሉ መዝገብ ላይ አንድ ሰው ሆኑ። በአገራችን በራስና በአባት ስም የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ! ያን መስመር ለጋሼ ለአንዲት ደቂቃ ቢያሳዩት ኖሮ የከተማውን ስም እንዳነበበ እኔ አይደለሁም ይል ነበር። ስህተቱን ሊያውቅ የሚችለው ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እንዳያይ የተከለከለውም እሱ ብቻ።

ሴትዮዋ ጻፈች፣ ደወለች፣ አልሰለቸችም። ወራት ወሰደ። በመጨረሻ ጠራችኝና መስተካከሉን ነገረችኝ። ከግቢው ሳልወጣ ለጋሼ ደወልኩ። መስተካከሉን ነገርኩት። የመኪና ድምፅና የሚጯጯሁ ሰዎች ይሰሙኛል።

«ያን ጊዜ የሰሙት ሁሉ ይህንንም ይሰማሉ?» አለኝ።

እንደምነግራቸው ቃል ገባሁለት። ነገርኳቸውም። ሱቅ ለሱቅ ሄድኩ፣ ለእድሩ ነገርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነገርኩ። የሐጂ ልጅ በደንብ አዳመጠኝና እሱ መቼም ተጠራጥሮት እንደማያውቅ ነገረኝ። ሌላውም ሁሉ እንደዚያው አለኝ። የሚያምንህ ከተማ ውስጥ እንዴት ብቻህን ትቀራለህ? ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በየሱቁ ደጅ ይህ ጥያቄ አብሮኝ ይወጣ ነበር።

ጋሼ ለመመለስ እያሰበ ነበር። የሱቁን ቦታ ለሌላ እንዳልሰጡት አጣርቼ እንድነግረው ጠይቆኛል። አጣርቼ ሳልጨርስ መጋዘኑ ደጅ ላይ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ጤና ጣቢያ አድርሰውት ነበር፤ አልተረፈም። አስከሬኑን በፒካፕ ወደ ነገሌ አመጡት፤ ሚስቱ መንገዱን ሁሉ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር።

ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ብዙ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም ወጥቷል። የወተቷ ሴትዮ ሱቋን ዘግታ መጥታ ነበር። የሐጂ ልጅ ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልተለየም። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ተነስተው ስለ ሟቹ ተናገሩ፤ ደግነቱን፣ ለወላጁ የሆነውን ሁሉ አነሱ። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዕዳ ያልነበረበት ሰው ነው» አሉ። በቅን ልብ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለሌላ ሙት እንዲህ አይባልም፤ ማንስ ይጠይቃል? ወንድሜ ግን አፈር ከለበሰ በኋላ እንኳ ማስተባበያ ያስፈልገው ነበር።

ባለፈው ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ ባለሥልጣናት በከተማው አዳራሽ ስለ ብድርና ስለ ባንክ አሠራር ሕዝቡን አወያዩ። እጄን አወጣሁ። ሰው በስሙ ላይ የተቀመጠውን ማየት መብቱ እንዲሆን፣ ሲከለከልም ምክንያቱ እንዲነገረው፣ የተሳሳተውን በቶሎ የሚያርም እንዲኖር መንግሥት በሕግ ይዘዝ አልኩ። የወንድሜን ነገር አላነሳሁም፤ አዳራሹ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም።

ከእኔ በኋላ የሐጂ ልጅ ተነሳ። መንግሥት እጁን ካስገባ አበዳሪው ይፈራል አለ። ድርቅ ከብቱን በሚጨርስበት አገር ማበደር ድሮም የሚያስፈራ ነው፤ ሕግ ከተደራረበበት ትተውን ይሄዳሉ፤ ያኔ የሚጎዳው ነጋዴ ሳይሆን ማንም የማያውቀው ድሃ ነው አለ። ሲናገር ዓይኑ የወተቷ ሴትዮ ላይ ነበር። ውሸት አልተናገረም። እኔም አበዳሪ አይጠይቅ አላልኩም፤ አባቱም ጎረቤቶቻችንን ጠይቀዋል። ግን የጠየቁት ወንድሜ እያወቀ ነው፤ ጎረቤታችን ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ጋሼ በማግስቱ ይሰማው ነበር። ይህን ለመመለስ ስነሳ ሰዓቱ አልቋል ተባለ። ሐሳባችን እንደተያዘ ነገሩን፤ ለስላሳና ቆሎ ቀረበ። ሕጉ ምን ላይ እንደደረሰ እስካሁን አላውቅም።

የጋሼ ሚስት ከልጇ ጋር ዶሎ ኦዶ ቀረች። ቻፓቲ ጋግራ ትሸጣለች፤ ከማንም አትበደርም፤ ሽንኩርት እንኳ በዱቤ አትወስድም። ልጅቷ አድጋለች። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃና ጭማቂ እንደሚሸጥ አይታ ፍሪጅ መግዛት ፈለገች። ከስልክ ልበደር ወይ ብላ ደወለችልኝ፤ እናቷን መጠየቅ ፈርታ ነው። ውሰጂም አትውሰጂም ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ራሷ ወስና ወሰደች፤ ፍሪጁም ተገዛ፤ ገበያውም ደህና ነው አለችኝ።

በከፈለች ቁጥር የሚደርሳትን መልእክት ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። «አክስቴ፣ አንቺም ጋ ይቀመጥልኝ» ትላለች፤ ስልኳ ቢጠፋ፣ አንድ ቀን አልከፈልሽም ቢሏት ብላ። ገና ልጅ ናት። በእሷ ዕድሜ የነበርን ጊዜ የምናስቀምጠው የጓደኛ ፎቶና የዘፈን ግጥም ነበር። አስቀምጥላታለሁ፤ ደረሰኝ ብዬም እመልስላታለሁ።